በሃምሳ ቃል የተላጨች እናት

«አንደኛ! አንደኛ ወጣሽ ስልሽ!»

ፈንዲሻ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወርዳ ሚጢጢ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ፈንዲሻ ያሏት ሳቋ ሳይታሰብ ስለሚፈነዳ ነው። ሚጢጢ ደግሞ ከክፍሉ ሁሉ አጭር ስለሆነች ቅጽል ስሟን ለማንም ማስረዳት አስፈልጓት አያውቅም።

«አጭር ሰው ለአጭር ልቦለድ ነው የተፈጠረው!» አለች ፈንዲሻ። «ደግሞ ግማሹ ልብ በኔ ጥረት የመጣ ነው። ያክስቴን ልጆች፣ ጎረቤቱን፣ ማንን ያላስጫንኩት አለ?»

«አንቺስ እንዴት አገኘሽው?» አለች ሚጢጢ፣ ነገሩን ቀለል ለማድረግ እየሞከረች።

«ምኑን?»

«ልቦለዱን።»

«ኧረ እኔ መች አነበብኩት! ስምሽን ሳይ ነው ልቡን የተጫንኩት።»

ሚጢጢም አብራት ሳቀች። ሳቁ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ውድድሩን የከፈተችው የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት። «ከሃምሳ ቃል ያልበለጠ ልቦለድ ጻፉ። ለጨዋታ ነው፤ ብዙ የልብ ምልክት ያገኘ ያሸንፋል፤ ሽልማቱ ጭብጨባ ብቻ፤ መኮራረፍ ክልክል» ብላ የተማሪዎቹ ግሩፕ ላይ ለጠፈች። ብዙው ተማሪ ስለ ፍቅርና ስለ ጭራቅ ጻፈ። ሚጢጢ ግን ያየችውን ጻፈች።

ያየችው እናቷ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ከትምህርት መልስ ወለል ትጠርጋለች፤ ፎጣ ታጥባለች፤ የፀጉር መጠቅለያውን ቢጉዲን ትለቅማለች። አንድ ቀን ደንበኞች ባልነበሩበት ሰዓት የፈንዲሻ እናት መጥታ ከመጋረጃው ጀርባ ካለው ወንበር ተቀመጠች። መጋረጃው እስከ ጥግ አልተዘጋም ነበር። ሚጢጢ መጥረጊያዋን እንደያዘች ሁሉንም አየች። ሴትዮዋ ስትወጣ እናቷ ሚጢጢን በክንዷ ይዛ «ያየሽውን አላየሽም» አለቻት። እሷም «እሺ» አለች።

ስትጽፈው የሴትዮዋ ማንነት እንዳይታወቅ አረንጓዴ ሻሿን ቀይ አድርጋው ነበር። ቀይ ሲሆን ግን ልቦለዱ ሞተባት። ስለዚህ ወደ አረንጓዴ መለሰችው፤ ጫፉ ላይ ያለውን ቃጠሎም ጨመረችበት። «ማን ያውቃል?» አለች ለራሷ። ማን እንደሚያውቅ ግን በደንብ ታውቅ ነበር። ሻሹን በካውያ ያቃጠለችው ራሷ ፈንዲሻ ናት፤ አቃጥላም ለሚጢጢ እየሳቀች ነግራታለች።

በምሳ ሰዓት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ተማሪዎቹን ሰብስባ አሸናፊውን ጮክ ብላ አነበበች፦

«ማበጠሪያው ሲነሳ ፀጉሩ ተከትሎት መጣ። ሴትዮዋ በመስታወቱ አየችው። ‹በቃ፣ ላጪኝ› አለች። ፀጉር ሠሪዋ ላጨቻት፤ ዊግ አጠለቀችላት። ሴትዮዋ ጫፉ በካውያ የተቃጠለ አረንጓዴ ሻሿን በላዩ ላይ አሰረች። ‹ለልጅሽ ነገርሻት?› ‹ፈተናዋን ትጨርስ።› ስትወጣ ከወለሉ ላይ አንድ እፍኝ ፀጉር አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።»

ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ሚጢጢ ወደ ፈንዲሻ ዞረች። ፈንዲሻ ለማጨብጨብ ያነሳቻቸው እጆቿ ደረቷ ላይ ደርቀው ቀርተዋል። ከዚያ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች፤ ማንንም ሳታይ ወጣች። ሚጢጢ ልትከተላት ፈለገች፤ ሰዉ ግን እንኳን ደስ አለሽ እያለ ትከሻዋን ይመታት ነበር። ደስም ብሏት ነበር። እሱ ነው በኋላ ያሳፈራት።

ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ስትደርስ የፈንዲሻ እናት ቀድማት ተቀምጣለች። ሚጢጢን ስታይ ብድግ አለች።

«ልጄ ልቦለድሽን ልካልኝ ከትምህርት ቤት ደወለችልኝ» አለች። «እያለቀሰች ‹እማዬ፣ ፀጉርሽ የራስሽ ነው?› አለችኝ። ሳቅኩባት። ሌላ ምን ላድርግ?»

«እትዬ፣ እኔ...»

«ቆንጆ ጽፈሻል። እኔ ራሴ እንዲህ አድርጌ አላየሁትም ነበር። ፀጉሩን ማንሳቴንም አይተሻል ማለት ነው።»

ሚጢጢ በአንገቷ አዎ አለች።

«አሁን ፈጠራ ነው ትያታለሽ። ከራሴ አወጣሁት ትያታለሽ። ፈተናዋ እስኪያልቅ ነው፤ ከዚያ ሕመሜን እኔው ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ።»

«ካላመነችኝስ?»

«ታምንሻለች። ማመን ትፈልጋለች።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የሚጢጢ እናት በሩን ዘጋች። መምታት ትችል ነበር፤ አልመታቻትም።

«እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ጭንቅላቱን በአደራ ሰጥቶኝ ነው» አለች። «አንቺ ወስደሽ አደባባይ ላይ አሰጣሽው። ለምን? ለልብ! እውነተኛ ልብ እንኳን ቢሆን!» ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታት ፎጣ ማጠፍ ጀመረች።

ብዙም ሳይቆይ ፈንዲሻ መጣች። ዓይኗ አብጧል። አልገባችም፤ በሩ ላይ እንደቆመች «እናቴ ምንም የለብኝም አለችኝ» አለች። «አንቺ ግን ንገሪኝ። እውነት ነው?»

«ፈጠራ ነው።»

«ሻሹስ?»

«ሻሹ የእናትሽ ነው። እንዲያምርልኝ ብዬ ነው የወሰድኩት። ሌላው ውሸት ነው።»

«ሙች በይኝ።»

«እናትሽ እዚህ ፀጉሯን ልትተኮስ እንጂ ለሌላ ነገር መጥታ አታውቅም።»

ፈንዲሻ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች፤ እየተነፈሰች፣ እየሳቀች፣ እያለቀሰች። ሚጢጢ ልታነሳት እጇን ዘረጋች። ፈንዲሻ እጁን አየችው፤ ሳትይዘው ራሷ ተነሳች።

«ከምሳ ወዲህ እናቴን ቀብሬያት ነበር የዋልኩት» አለች። «እሷን ላጭተሽ፣ አሳምመሽ፣ አንደኛ ወጣሽ። እኔ ደግሞ እየዞርኩ ሰው አስጫንኩልሽ።»

«ይቅርታ...»

«ዝም በይ!»

ፈንዲሻ ቤቷ ሳትደርስ ነው ግሩፑ ላይ የጻፈችው። «አሸናፊያችን የጻፈቻት ሴት እናቴ ናት። ጤነኛ ናት፤ ምንም አልሆነችም። ጓደኛዬ ልብ ስላማራት በቁሟ አሳመመችብኝ።»

ከዚያ ወዲያ የሚጢጢ ስልክ አላረፈም። «ላጪዋ» አላት አንዱ፤ ስሙ ወዲያው ተያዘ። ሌላው የሚጢጢን ፎቶ ራሰ በራ አድርጎ ለጠፈው። «ቀጥሎ የማንን እናት ትላጫለሽ? ወረፋ ያዙ!» የሚል መጣ። አንዷ «የኔን እናት እንዳትነኪ፣ ገና ትናንት ነው ፀጉሯን የተሠራችው» አለች። በምሳ ሰዓት ያጨበጨቡላት እነዚያው ነበሩ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ልቦለዱን ከግሩፑ አነሳችው፤ «ለጨዋታ ነበር፣ እንዲህ መሆን አልነበረበትም» ብላም ጻፈች። ይሄኛው ከሁሉም በላይ አመማት።

በመጨረሻ ፈንዲሻ ራሷ ግሩፑ ላይ ተመልሳ ጻፈች። «ምናልባት የራሷ እናት ስለማትወዳት ይሆናል የሰው እናት ላይ የምትጫወተው።»

ሚጢጢ ይህን ስታነብ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ያው ወንበር ላይ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። «እውነት ነው። ካላመንሽ እናትሽ ስትተኛ ዊጉን ሳብ አድርጊው።»

አነበበችው። ከጻፈቻቸው ሁሉ አጭሩ እሱ ነበር፤ ስለታሙም። ብትልከው ስድቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፀጥ ይላል። ማንም ሰው ከዚያ ወዲያ ላጪዋ አይላትም። ይቅርታ የሚጠይቋትም አይጠፉም። ፈንዲሻም መጀመሪያ የምትሮጠው ወደ እናቷ ክፍል ነው።

አውራ ጣቷ መላኪያው ላይ ቆየ። ከመጋረጃው ወዲያ እናቷ አንዲት ደንበኛ ታበጥራለች፤ ደንበኛዋ ስለ ባሏ ትነግራታለች፤ እናቷ «እህም... እህም...» ትላለች።

ሚጢጢ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። በቦታቸው «ፈጠራ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ» ብላ ላከች። የሳቅ ምልክቶች ተግተለተሉ።

በማግስቱ ክፍል ስትገባ ከፈንዲሻ ጎን ባለው ቦታዋ ላይ የፈንዲሻ ቦርሳ ተቀምጧል። ፈንዲሻ ፀጉር ማስያዣዋን እያጠበቀች ከፊቷ ካለችው ልጅ ጋር ታወራለች፤ ስለ ፈተናው ነው የምታወራው፤ ፊቷ ተመልሷል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ እንደተኛች ያስታውቃል።

«ላጪዋ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ፈንዲሻም ሳቀች።

ሚጢጢ ወደ ኋላ ረድፍ ሄዳ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አቤት» አለች ለጠራት፤ ደብተሯንም አወጣች።