ሙታንን የሚሸኘው ሰው

ሽማግሌው ጃስሃንግ ሱባ በጥቅምት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሴንት ፖል ከተማ ባለው አፓርትመንታቸው ሳሎን ውስጥ በጎናቸው እንደወደቁ ሞተው ተገኙ። ድንገተኛ ሞትን የሚያጣራው ቢሮ የትምወርቅ በሪሁንን ላከ። የትምወርቅ አዲስ አበባ ነርስ ነበረች። እዚህ አገር ከመጣች ወዲህ ሥራዋ ሰው ለምን እንደሞተ መመርመር ሆኗል።

በሩ ላይ የተቀበላት የሕንፃው ኃላፊ ኤዶሳ ነበር።

«እህቴ፣ እንኳን አንቺ መጣሽ። ናይን ዋን ዋን ኮል ያደረግኩት እኔ ነኝ። ልባቸው ነው መሰለኝ።»

«ከሳቸው ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ማን ነገረሽ?»

«አስከሬኑን ላለማየት ፊትህን ስታዞር አየሁህ።»

ኤዶሳ አፈረ። «ከበሮ ይመቱ ነበር። ጎረቤት ኮምፕሌይን ሲያደርግብኝ ዋርኒንግ ሰጠኋቸው፤ በቃ። እኔም ዛሬ ኮምፕሌይን አለኝ፤ መግቢያው ጋ ያለውን ጽጌረዳዬን አንዱ ቆርጦ ወስዶታል!»

የትምወርቅ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ቁስል የለም። ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ ረጅም የእንጨት ዋንጫ ቆሟል፤ ከውስጡ ቀጭን ቀርከሃ ወጥቷል። አጠገቡ ባዶ ፔርሙስ አለ። የዋንጫውን ክዳን አንስታ ተመለከተች። እስከ አፉ ዳጉሳ የሞላ ነው፤ ፍሬው ቀይ፣ ሽታው እንደ ጉሽ ጠላ ኃይለኛ።

የሟቹ ልጅ ፉንግማ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ደረሰች። አልቅሳ ሲወጣላት የትምወርቅ ስለ ዋንጫው ጠየቀቻት።

«ቶንግባ ይባላል» አለች ፉንግማ። «የተብላላ ዳጉሳ ላይ ትኩስ ውሃ እያፈሰስን በቀርከሃው እንመጠዋለን። ሲያልቅ ውሃ እንጨምራለን። ዳጉሳው ነጥቶ ጣዕም እስኪያጣ ድረስ ነው የሚጠጣው።»

«አባትሽ ሥራቸው ምን ነበር?»

«እኛ ሊምቡዎች ነን። ከሂማላያ ኮረብታዎች የመጣን ጥቂት ሕዝብ ነን። ቡታን አባረረችን፤ ኔፓል በስደተኛ ካምፕ ኖረን አምና እዚህ መጣን። አባቴ ፌዳንግማ ናቸው፤ ሙታንን የሚሸኙ። ሰው ሲሞት ነፍሱን ‹ይህን ወንዝ ተሻገር፣ በዚህ ኮረብታ ውጣ› እያሉ በዜማ ይመሩታል፤ አያቶቹ ዘንድ እስኪደርስ።»

ቅዳሜም ለገዛ ታላቅ ወንድማቸው ሊያደርጉት ነበር። ወንድምየው ቡታን ውስጥ ተደብቆ ሳለ አንድ ሰው ጠቁሞበት ወታደሮች ገደሉት። ጠቋሚው ማን እንደሆነ እስከዛሬ አልታወቀም።

«የተገደለ ሰው መንገዱን አያገኝም» አለች ፉንግማ። «መጀመሪያ ይጠራል። በፌዳንግማው አፍ እንዴት እንደሞተ ይናገራል። ከዚያ ነው የሚሸኘው።»

«ዛሬ እዚህ ቤት ማን ነበር?»

«ጠዋት ኪራን፣ የአክስቴ ልጅ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከጀመረ ወዲህ ይህን ሥርዓት ተዉት እያለ ይጨቀጭቃቸዋል። ከዚያ ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት አጎቴ ቴክ መጡ። የሥጋ ዘመድ አይደሉም፤ የአባቴ የቃል ኪዳን ወንድም ናቸው። በሥርዓቱም አጋዣቸው ናቸው። ከቡታን ስንሰደድ አዝለው ያሻገሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ኪራን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሊጠየቅ እንደሆነ ገብቶታል።

«ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ። «የአጋንንት ሥራ ነው አልኳቸው። እሳቸው ግን ሻይ አፍልተው አጠጡኝ። ቶንግባ እኔ አልነካም። አሁን ሁሉም እኔን ነው የሚያየው።»

የትምወርቅ ብቻዋን ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥታ የቴክን በር አንኳኳች። ሽማግሌው ከፈቱላት። ስትገባ እግሯን ልታሳርፍ ስትል ደፉ ላይ የተጋደመ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ አየችና ተሻግራው ገባች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ለድመት ነው፤ የጎረቤት ድመት ትገባብኛለች» አሉ ቴክ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«ከጃስሃንግ ጋር ምን አደረጋችሁ?»

«ጠጣን። ፔርሙሱ እስኪያልቅ ሁለታችንም ጠጣን። ደህና ነበሩ። የራሴን ቶንግባ ይዤ ወጣሁ።» ተናግረው ሳይጨርሱ በሩን መልሰው ከፈቱላት። ሐዘን ነው ብትል ማንም አይፈርድባትም።

የላቦራቶሪው ውጤት ሲደርስ ጃስሃንግ በልብ ሕመም እንዳልሞቱ ታወቀ። ደማቸው ውስጥ ቢክ የሚባል የተራራ ተክል ሥር መርዝ ተገኘ። የሊምቡ ሽማግሌዎች ሥሩን በዘይት ዘፍዝፈው ጉልበታቸውን የሚያሹበት ስለሆነ በየቤቱ አለ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ቶንግባ ግን ንጹሕ ነበር።

የትምወርቅ አንድ ፖሊስ አስከትላ መጣችና አራቱንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበች። ኪራን ከበሩ አጠገብ ቆመ። ፉንግማ አጎቴ የምትላቸውን ሽማግሌ እጅ ይዛ ተቀመጠች።

«ከዋንጫው ልጀምር» አለች የትምወርቅ። «ፔርሙሱ ባዶ ነበር። ጃስሃንግ ያን ሁሉ ውሃ እያፈሰሱ ጠጥተው ቢሆን ዳጉሳቸው ይነጣ ነበር። እኔ ያየሁት ግን ገና ያልተጠጣ ነው። ስለዚህ ያ ዋንጫ የሳቸው አልነበረም።»

«ታዲያ የማን ነው?» አለ ኤዶሳ።

«አብሯቸው ተቀምጦ ሲጠጣ የሚመስል፣ ግን አንዲት ጉንጭ ያልቀመሰ ሰው ዋንጫ ነው። ሲወጣ መርዝ ያለበትን ወስዶ የራሱን በቦታው ተወ። ኪራን ከጠጣ ሻይ ነው የጠጣው። ‹ሁለታችንም ጠጣን› ያሉኝ አቶ ቴክ ናቸው።»

«እርጅና ነው፣ ዋንጫ ተሳስተው ይሆናል» አለች ፉንግማ ቶሎ ብላ። እጃቸውን አለቀቀችም።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በእናንተ መንደር ደፍ ላይ እሾህ የሚጋደመው መቼ ነው?»

«ሰው ሲገደል ነው። ነፍሱ ተመልሳ እንዳትገባ። በሰላም ለሞተ ሰው ግን ማንም እሾህ...»



«የኤዶሳ ጽጌረዳ የተቆረጠው ጃስሃንግ የሞቱ ዕለት ነው» አለች የትምወርቅ። «ቅርንጫፉን በዚያው ቀን በአቶ ቴክ ደፍ ላይ አየሁት። ኤዶሳ ልባቸው ነው አለ፤ እኔም ቁስል አላገኘሁም። መገደላቸውን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ገዳዩ ብቻ ነበር።»

ፉንግማ ወደ ቴክ ዞረች። «አጎቴ፣ ለድመት ነው ይበሏት እንጂ። ይንገሯት።»

ሽማግሌው በራሳቸው ቋንቋ መናገር ጀመሩ፤ ኪራን ተረጎመ።

«ወታደሮቹ ልጄን ይዘውት ነበር። የጃስሃንግ ወንድም የት እንደተደበቀ ብናገር ሊለቁልኝ ቃል ገቡ። ተናገርኩ። ልጄንም አልመለሱልኝም። ቅዳሜ ግን ወንድምየው ሊጠራ ነበር፤ በጃስሃንግ አፍ ስሜን ሊያወጣ ነበር። ሥርዓቱን ተወው ብዬ ለመንኩት። ‹ወንድሜ እስከ መቼ ሜዳ ላይ ይቅር?› አለኝ።»

ፉንግማ እጇን ከእጃቸው አላቀቀች።

«አዝለህ ያሻገርከኝ ለዚህ ነው?» አለች። በሕይወቷ አንተ ስትላቸው የመጀመሪያዋ ነበር። «አባቴ ሲበሉ ከፊታቸው እያነሱ ያጎርሱህ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ዋጥከው?»

ቴክ መሬት መሬት አዩ። «ልጄ፣ መንገዱን ሙሉውን የማውቅ ከእንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ። ፍቀጂልኝና ልሸኘው። ከዚያ ይውሰዱኝ።»

 ፉንግማም ኪራንም እውነታቸውን መሆኑን ያውቃሉ፤ በዚህ ከተማ ያንን ዜማ እስከ መጨረሻው ጃስሃንግና እሳቸው ብቻ ነበሩ የሚያውቁት። 

«አትሸኛቸውም» አለች ፉንግማ። «ያንተን ድምፅ እየተከተሉ እንዲሄዱ አላደርጋቸውም።»

ፖሊሱ ቴክን ይዞ ሲወጣ ቀና ብላ አላየችም።

ጃስሃንግ የተቀበሩት አፈሩ በክረምቱ ብርድ መጠጠር ሲጀምር ነው። የትምወርቅና ኤዶሳ ከኋላ ቆመዋል። ፉንግማ ከመቃብሩ ራስጌ ሆና በልጅነቷ የሰማችውን ዜማ ጀመረች። በዜማው አባቷን የካምፑን ሜዳ አሳለፈቻቸው፤ ወንዙ ጋ ስትደርስ ቃሉ ጠፋት።

ከዳር ቆሞ የነበረው ኪራን ቀረብ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀጥለውን ስንኝ አወጣ። ሁለቱ እየተቀባበሉ ወንዙን ተሻገሩ፤ የመጀመሪያውን ኮረብታ ወጡ። እዚያ ኪራንም ዝም አለ። የቀረውን አያውቀውም።

ፉንግማ ከአፈሩ በእፍኟ ዘግና ጣለች።

«አባቴ» አለች፤ «ከዚህ በኋላ እየጠየቁ ይሂዱ።»