ከፊደል ተራ የወጣው ስም

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል ፳፭ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.፤ በኒውዚላንድ ደቡባዊ ደሴት፣ ግሌንባርቪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ የማለዳው ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም ነበር። የከተማው ሰው ጥቁር ለብሶ በነጭ ሸራ የተሸፈነውን የጦር ሐውልት ከቦ ቆሟል፤ ከፊት ረድፍ የነበሩት ወይዘሮ ኤልስፔት ጌዲስ ግን ሸራውን ትተው ባሕሩን ይመለከቱ ነበር።

ሁለት ልጆች በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አጥተዋል። ካፖራል አሌክ በጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ወድቆ፣ ሩቅም ቢሆን፣ መቃብር አለው፤ የሠራዊት ነርስ የነበረችው ሲስተር ኢሶቤል ግን በ፲፱፻፲፭ የተሳፈረችበት መርከብ በኤጂያን ባሕር በቶርፔዶ ተመትቶ ሲሰጥም በዚያው ቀረች፤ እንኳን አስከሬኗ የቆቧ ክር አልተገኘም። ከሞት የተረፈች ባልደረባዋ እንደነገረቻቸው፣ ኢሶቤል ስባሪ እንጨት ይዛ፣ ጓደኞቿ በብርድ እንዳያንቀላፉ በየተራ በስማቸው ትጠራቸው፣ እነሱም «አለሁ!» ይሏት ነበር፤ ድምፅዋ ሲጠፋ ግን እሷን ለመጥራት አቅም የቀረው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ኤልስፔት ልብስ ሲያጥቡም ቅቤ ሲንጡም ያ ያልተጠራ ስም ከጆሯቸው አይወጣም፤ አንድ ቀን በሰው ፊት ሲጠራ ከመስማት ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

ሸራው ወረደ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሻለቃ ታሎክ በድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ስሞች፣ የቤተሰብ ስም እያስቀደሙ፣ በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ያነቡ ጀመር።

«ፍሬዘር፣ ጆን። ጌዲስ፣ አሌክ። ሄይ፣ ዊልያም...»

«ቆዩ እንጂ ሻለቃ! አንዷን ዘለሏት!»

«እባክዎ ወይዘሮ ጌዲስ፣ ሥነ ሥርዓቱ...»

«ኢሶቤልስ? ልጄስ?»

ሻለቃው ግራ ገብቷቸው ቤተሰቦች ለኮሚቴው የላኳቸውን ወረቀቶች ከኪሳቸው አውጥተው የጌዲስን ገለጡ። ወይዘሮ ኤልስፔት በገዛ እጃቸው የጻፉት ነው፤ «ካፖራል አሌክ ጌዲስ»፣ ከሥሩም «ሲስተር ኢሶቤል ጌዲስ» ይላል። በአገሩ ቋንቋ ነርስም እህትም በዚያው በአንድ ቃል «ሲስተር» ይባላሉ፤ በወታደር መዝገብ ደግሞ ከሟች ስም ሥር የቅርብ ዘመዱን መጻፍ የተለመደ ነው። እናትየው ወደ ከተማው የመጡት ከጦርነቱ በኋላ ስለሆነ ልጆቹን የሚያውቅ አልነበረም፤ ኮሚቴም ጠይቆ ከማጣራት ይልቅ ስብሰባ ይወዳልና፣ ስሟን ሰርዞ አለፈ።

«ቤት ሆና የምታለቅስለት እህቱ መስላን ነው» አሉ ሻለቃው ፊታቸው ቀልቶ።

«እሷማ ባሕር ውስጥ ናት! እንዲያከብሯት ብዬ ማዕረጓን አስቀድሜ ጻፍኩ፤ ለካ በእጄ ነው ያስጠፋኋት!»

ድንጋይ ጠራቢው ዱጋልድ ፒሪ ባርኔጣውን አውልቆ ጠጋ አላቸው።

«እሜቴ፣ ነገውኑ እቀርጻታለሁ። ከወንድሟ ቀጥሎ ግን ጣት የምታስገባ ቦታ እንኳ የለችም፤ ታች ከመጨረሻው ስም በታች ነው የሚሆነው። ‹ሲስተር› የምትለዋን ልተዋት? ዳግም እንዳታሳስት።»

«እንዳትነካት! ለፍታ ያገኘቻት ናት። ይልቅ ሻለቃ፣ አሁን ይጥሩልኝ።»

ሻለቃው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ «ሲስተር ኢሶቤል ጌዲስ!» ሲሉም ድምፃቸው እስከ ውኃው ዳር ተሰማ። ወይዘሮ ኤልስፔት ጆሯቸውን ወደ ባሕሩ ሰጥተው፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ከማዕበሉ በቀር የመጣ ድምፅ አልነበረም። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው በቀስታ፣ «አለሁ» አሉ።

ሐውልቱ ዛሬም አለ። ታሪክ የዘመቻዎቹን ቀንና የጄኔራሎቹን ስም በሚገባ አስታውሷል፤ ባሕር ውስጥ ስለ ተጣራችው ሴት ግን ከአንዲት መሥመር በቀር ያስቀረው ነገር የለም። ያችንም መሥመር አላፊ አግዳሚው ከድንጋዩ ግርጌ፣ ከፊደል ተራ ወጥታ ያገኛትና፣ «ይህች ደግሞ የማን እህት ናት?» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።