አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው

«ጻፊ እንጂ! ማርከሩ ደረቀ እኮ» አለ አባቷ።

ፌንጣ ነጩን ካርቶን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የፀጉር ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስሙን ያወጣላት እሱ ራሱ ነው፤ አንድ ቦታ ሁለት ደቂቃ አትቀመጥማ። ዛሬ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለችም፤ ካርቶኑም ላይ አንዲት ፊደል አልሰፈረችም።

«ልድገምልሽ? ‹ተለማማጅ በነበርኩበት ዘመን የላጨኋችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ የጉበት ቫይረስ ምርመራ አድርጉ። እኔ ቫይረሱ አለብኝ።› ይኸው ነው። በሩ ላይ እንለጥፈዋለን።»

በሩ ተቆልፏል፤ መጋረጃው ተጋርዷል። አባቷ ሌላ ጊዜ ደንበኛ በሚቀመጥበት ትልቁ ወንበር ላይ ሆኖ በመስተዋቱ ውስጥ ያያታል። አንገቱ ላይ ትንሽ ፋሻ አለ። እዚያ ቦታ የወጣውን እብጠት ቤተሰቡ በሙሉ ለወራት «ብርድ ነው» ሲል ከርሟል። ባለፈው ሳምንት ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና ውጤት ሲመጣ ግን ሊምፎማ ሆኖ ተገኘ፤ ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ የካንሰር ዓይነት።

ውጤቱን የነገረቻቸው ወጣት ሐኪም ረጋ ብላ ነበር ያስረዳቻቸው። «ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው ይህ የጉበት ቫይረስ ጉበት ላይ ብቻ አያበቃም። ለዓመታት ደም ውስጥ ሲቆይ ነጭ የደም ሴሎች ዕረፍት አጥተው እየተባዙ ይኖራሉ። በጥቂት ሰዎች ላይ ከእነዚያ ሴሎች አንዱ መባዛቱን ማቆም ያቅተዋል። የእርስዎ ሊምፎማ አዝጋሚው ዓይነት ነው። መጀመሪያ ቫይረሱን በኪኒን እናጠፋዋለን፤ እሱ ሲጠፋ እብጠቱም አብሮ የሚቀንስላቸው ሰዎች አሉ። ካልቀነሰም ሌላ ሕክምና አለ።»

አባቷ ቫይረሱ እንዳለበት ካወቀ ስምንት ዓመት እንደሆነው ፌንጣ የሰማችው ያን ቀን ነው። ያኔ የነበረው መድኃኒት ከባድ ስለሆነ ጠብቅ ተባለ፤ የተሻለው ሲመጣ ደግሞ ደህና ነኝ እያለ ክትትሉን ተወው። ለሰው ትንፍሽ አላለም።

ስድስት ዓመቷ ሳለ በእሱ መላጫ እርሳስ ልትቀርጽ ስትል ጮኸባት። በሕይወቷ የጮኸባት ያኔ ብቻ ነው። በማግስቱ ሦስት መቅረጫ ገዝቶላት መጣ፤ መላጫውንም ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ከተተው። ፌንጣ ለዓመታት «ከእኔ ይልቅ ለምላጩ ይሳሳል» ብላ ቂም ይዛበት ነበር። ለካ የሚሳሳው ለእሷ ጣት ኖሯል። ሰሞኑን እሷም እናቷም ተመርምረው ነጻ ሆነው ተገኝተዋል።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ምላጭ ደግመህ አታውቅም» አለችው። እውነቷን ነው። ያገለገለውን ምላጭ እደንበኛው ፊት ሰብሮ ስለሚጥል፣ «ፋብሪካ አለህ እንዴ?» እያሉ ሲቀልዱበት ነው የኖሩት።

«የራሴን ቤት ከከፈትኩ ወዲህ አልደገምኩም። ተለማማጅ ሳለሁ ግን አንድ ምላጭ ለአምስት ለስድስት ሰው ነበር። በውሃ ለቅለቅ፣ ቀጣዩ ይምጣ! እኔም ጣቴን ያልቆረጥኩበት ቀን አልነበረም። ከማን እንደያዘኝ፣ ከእኔስ ወደ ማን እንዳለፈ ማን ያውቃል? እነዚያ ሰዎች እኮ ዛሬም የሚላጩት እኔው ጋ ነው።»

«ደንበኛው በሙሉ ይሸሻል! ትምህርት ቤትስ ምን ይሉኛል?»

«እኔም እሱን ፈርቼ ነው ስምንት ዓመት አፌን የያዝኩት።» ፋሻውን በጣቱ ነካ አደረገ። «አንገቴ ባያብጥ ኖሮ ዛሬም ዝም እል ነበር፣ ልጄ። እነሱ ግን የራሳቸው እስኪያብጥ መጠበቅ የለባቸውም።»

ፌንጣ አባቷን በመስተዋቱ አየችው። እንዲህ ኮርታበት አታውቅም። ፍርሃቷ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

በሩ ተንኳኳ። ባለመነጽሯ ነበረች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራቻት ጓደኛዋ። ፌንጣ ቁልፉን አዙራ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«አንቺ! እዚህ ነሽ እንዴ? ፋዘር ከመንገድ አልተመለሱም?»

ፌንጣ ትናንት የነገረቻት ውሸት ትዝ አላት። «ዘመድ ጥየቃ ሄዷል» ብላታለች።

«አያቴ እኮ ጢሙ አድጎ አንበሳ መስሏል። ሌላ ቤት እንውሰድህ ስንለው ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ‹ልጁ አገጬን እየቆራረጠ የተማረው በእኔ ላይ ነው፤ አሁን ለሌላ አላስረክብም› ብሎ ፎከረብን!» ባለመነጽሯ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷ ትንሽ ከበድ አለ። «ሰሞኑን ደግሞ ደከመኝ ደከመኝ ማለት አብዝቷል። ቢላጭ ደስ ይለው ነበር። መቼ ነው የሚመጡት?»

«በሚቀጥለው ሳምንት» ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ከኋላዋ ትልቁ ወንበር ሲጥ አለ።

ፌንጣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«የትም አልሄደም። ዋሽቼሽ ነው። ግቢ።»

ባለመነጽሯ ሰውየውን፣ ከዚያም አንገቱ ላይ ያለውን ፋሻ አይታ ደፉ ላይ ደርቃ ቀረች። ፌንጣ እጇን ይዛ አስገባቻትና አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻት። መጋረጃውን እስከ ጥግ ገፋችው፤ ብርሃኑ መስተዋቱ ድረስ ገባ።

«የምነግርሽ ነገር አለ፤ እየጻፍኩ እነግርሻለሁ። ከዚያ አያትሽ ጋ አብረን እንሄዳለን።»

ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ መልሳ የማርከሩን ክዳን በጥርሷ ነቀለችው።

«እሺ አባዬ» አለች፤ «ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።»