ከእኔ በፊት የሳበው አፍ

አፋችሁ ውስጥ የምታስገቡትን ቬፕ፣ ያን በባትሪ የሚሠራ ሲጋራ፣ ከእናንተ በፊት ማን አፉ ውስጥ እንዳስገባው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

አልጠየቃችሁም። እኔም አልጠየቅኩም። መጠየቅ መተዳደሪያዬ ሆኖ ሳለ።

የምነግራችሁ ነገር በራሴ ላይ ደርሷል። ተረት መስሎ የሚታየው ካለ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሌላ ነገር ያንብብ። የሆነው እዚሁ ሸንዠን ከተማ ዳር፣ ሻጂንግ ሰፈራችን ውስጥ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ጨለማ አልነበረም፤ ፀሐይዋ አናት የምትበሳ ነበረች።

ግን ሰባት ሰዓት ላይ፣ በምሳ እረፍት፣ ሻጂንግ ይተኛል። መብራት ይጠፋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ጸሐፊው ጠረጴዛው ላይ፣ ሻጩ ባንኮኒው ሥር ያሸልባል። ያን ጊዜ የሚሰማው የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ትንፋሽ ያልኩትን ያዙልኝ...

ስሜ ኳንግ ሩይ ይባላል። ዕቃ እገዛለሁ፣ እስኪሰበር እጠቀምበታለሁ፣ ከዚያ ዋሽተው የሸጡልኝን ሰዎች በስማቸው እየጠራሁ ኢንተርኔት ላይ እጽፋለሁ። የሚወዱኝ ጥቂት ናቸው። የሚፈሩኝ ይበዛሉ፤ በሽሙጥ «መምህር» ይሉኛል።

ቬፕ ከእጄ አይለይም። ስነቃ እስባለሁ። ስጽፍ እስባለሁ። ስናደድ እስባለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እስባለሁ ማለት ነው።

እንደ እኔ ላለው ሰው የሚሆን መሣሪያ ግን አይሠሩም። ብረት ነው ብለው ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ይሸጡላችኋል። ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ይላል ይሏችኋል፤ ስትለኩት የሚቀየረው የመብራቱ ቀለም ብቻ ነው። ጠዋት የሞላ ባትሪ ለምሳ አይደርስም። ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ሲጋጭ የአፉ ጫፍ ይሰነጠቃል።

የፈለግኩት ብዙ አልነበረም። አካሉ ሙሉ ብረት ይሁን። ቮልቴጁ ከታች በምትዞር ቀለበት ይታዘዝ፤ ዝቅ ሲሉት የምር ዝቅ፣ ከፍ ሲሉት የምር ከፍ ይበል። ቢወድቅ አይሰበር። ቀኑን ሙሉ ቢስቡት አይድከም።

አገኘሁት።

ምነው ባላገኘሁት...

ቬፕ ሻጯ እትዬ ሹ ያሉበት የገበያው ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። ታጣፊ አልጋቸውን ዘርግተው ጫማቸውን እያወለቁ ነው። በየባንኮኒው ሥር ሰው ተኝቷል።

«መምህር፣ እንቅልፍም ይፈራሃል እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

የሚበረክት ቬፕ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ያለፈውንም እሳቸው እንደሸጡልኝ፣ አሁንም ካታለሉኝ ስማቸውን እንደምጽፍ ጨመርኩ።

«ጻፈው እንጂ። አንተ የሰደብከው ሱቅ ደንበኛ አያጣም።»

ከዚያ ጎንበስ አሉና ከአልጋቸው ራስጌ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«ይኼን ሰው ይገዛውና ይመልሰዋል።»

«ስለሚበላሽ?»

«ስለማይበላሽ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ጨርቁን ፈታሁት። ከባድ ነው፣ ሙሉ ብረት። ቀለበቷ ሳትላላ ሳትጠብቅ ትዞራለች። ስለ አሠራሩ የምሰድበው ነገር አጣሁ።

አንድ ነገር ብቻ...

የአፉ ጫፍ ሞቃት ነበር። እርጥብም ነበር።

«አሁን ማን ሳበው?»

«ማንም። ከጠቀለልኩት ቆየሁ።»

ቁልፉን ደጋግሜ ተጭኜ አበራሁት። ቀለበቷን ዝቅተኛው ላይ አደረግኩ። አረንጓዴ መብራት በራ። ሳብኩ።

ትንባሆ ትንባሆ ይላል። ከትንባሆው ኋላ ግን ሌላ ጣዕም መጣ... የዝንጅብል ከረሜላ።

በዚያው ቅጽበት ከጨለማው አዳራሽ ውስጥ የሆነ ሰው አንዴ ሳለ። ደረቅ፣ አጭር ሳል።

«ማነው?» አልኩ።

«ማን ምን?» አሉ እትዬ ሹ።

ያን ሳል አውቀዋለሁ። ዝንጅብሉንም አውቀዋለሁ። አላወቅኩም ብዬ ገዝቼ ወጣሁ።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ።

አባቴ ኳንግ ዴሹ ከእኔ ጋር ነበር የሚኖረው። ሥራው ምን እንደነበር ጎረቤት ሲጠይቀኝ «የዕቃ ጥራት ይቆጣጠራል» እል ነበር። ያማረ አባባል ነው። እውነቱ ይኸውና፦ እኛ ሰፈር ቬፕ የሚገጣጥም ዎርክሾፕ አለ። ባለቤቱ አለቃ ፓንግ ይባላል። እያንዳንዱ መሣሪያ ከመታሸጉ በፊት መሥራቱ መፈተሽ አለበት። ለዚህ የሚሆን፣ አየር የሚስብ ማሽን አለው። ማሽኑን ፕላስቲክ አልብሶ ያቆመዋል፤ ከውጭ ገዢ ሲመጣ ብቻ ይገለጣል። በሌላው ቀን ማሽኑ አባቴ ነበር።

በርጩማ ላይ ይቀመጣል። አንዱን አንስቶ ይስባል። የአፉን ጫፍ አልኮል በነካው ጥጥ ይጠርጋል። ወደ ሳጥኑ ያሳልፋል። ሌላውን ያነሳል። ይስባል፣ ይጠርጋል፣ ያሳልፋል። ጣፋጩ ጢስ ሆዱን እንዳያገላብጠው ጉንጩ ሥር የዝንጅብል ከረሜላ ይይዛል። ዘንድሮ በጸደይ ትንፋሹ ሲያጥርበት አሰናበቱት።

እኔ በየሳምንቱ አንድ ነጋዴ አደባባይ ላይ የማሰጣው ሰውዬ ስለዚያ ዎርክሾፕ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም።

ለምን? «የመምህሩ አባት የሰው ቬፕ ቀድሞ የሚጠባ ነው» እንዳይባል።

አፈርኩ። የማፍረው ደግሞ በአለቃ ፓንግ አልነበረም። በአባቴ ነበር።

...

መሣሪያው አይሰበርም። ከደረጃ ላይ ወደቀብኝ፣ ደረጃው ተሸረፈ። ኑድል ሾርባ ውስጥ ገባ፣ ጠርጌ ሳብኩት። ባትሪው አይወርድም። ደስ አለኝ፤ በዕድሜዬ ጽፌ የማላውቀውን ምስጋና ጻፍኩ። ሌላ መሣሪያ ቢመጣ፣ የጠገበ በሬ ለምለም ሣር እንደማያይ፣ ዞር ብዬ አላይም አልኩ፤ ሰዎች ሳቁብኝ።

ዝቅተኛው አልበቃ አለኝ። መሃለኛው ላይ አደረግኩት፣ ሰማያዊ። ከዚያ የመጨረሻው ላይ፣ ቀይ።

ጣዕሙ እየጠነከረ ሄደ። የዝንጅብሉ።

አንድ ቀን የምሳ እረፍት ላይ ነው። አባቴ በአንዱ አልጋ፣ እኔ በሌላው ጋደም ብለናል። መጋረጃው ወርዷል። ሳብኩ።

የአባቴ ትንፋሽ መሃል ላይ ቀጥ አለ።

ቁልፉን ለቀቅኩ። ተነፈሰ።

እንደገና ሳብኩ... ቆመ።

ለቀቅኩ... ተነፈሰ።

አጋጣሚ ነው አልኩ። ቀዩ ላይ እንዳለ ረጅም ሳብኩ። አባቴ አንሶላውን በጡጫው ጨበጠ።

«ሩይ...»

«ወዬ አባ።»

«ቀለበቷን ትንሽ ዝቅ አድርጋት።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር የተኛው። መሣሪያው ብርድ ልብሴ ሥር ነበር።

«የምን ቀለበት?»

«ቀዩ ላይ ነህ። ቀዩ ይከብደኛል።»

አሁኑኑ ወስጄ ወንዝ ውስጥ እንደምወረውረው፣ በመዶሻ እንደምቀጠቅጠው ነገርኩት። ዞር አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣኝ በወደድኩ።

«አትጣለው። እኔ በርጩማው ላይ የሳብኩት ነው፤ የጣልከውን ሌላ ሰው ያነሳዋል» አለኝ። «ከሌላ ሰው እጅ አንተ ጋ ይሁን። አንተ እንኳ ታዝንልኛለህ።»

ዳግም እንዳልስበው ማልኩለት። እሱ ማልልኝ አላለኝም።

ጥቂት ቀናት ቻልኩ። መሣሪያውን ካልሲ ውስጥ ከትቼ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። አባቴ ተነሣ። በርበሬ የበዛበት ኑድል እስኪያልበው በላ። ታች ሰፈር ወርዶ ቼዝ ተጫወተ፤ ተጋጣሚውን «ፈረስህን ለአዲስ ዓመት ነው እንዴ የምትቀልበው?» እያለ ሲያበሽቀው እኛ መስኮት ድረስ ይሰማ ነበር። ደረጃውን ሳያርፍ ወጣ።

ያን አይቻለሁ። ምን እንደሚያድነው በዓይኔ አይቻለሁ። ቀጥሎ ያለውን ስታነቡ ይህን አትርሱብኝ።

አንድ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ አባቴ ተኝቷል። እኔ ጽሑፌ ሥር የተጻፉ አስተያየቶችን አነባለሁ። አንድ ስሙን የደበቀ ሰው እንዲህ ብሏል፦ «ሁሉን ትሳደባለህ። አባትህስ ምን ሠርቶ ነው ያስተማረህ?»

መልስ ጀመርኩ፣ አጠፋሁ። ጀመርኩ፣ አጠፋሁ።

መሳቢያውን ከፈትኩ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ቀለበቷን ዝቅተኛው ላይ አደረግኩ። አንዴ ብቻ አልኩ። በዝቅተኛው አንዴ ምን ያደርገዋል?

አረንጓዴ በራ። ሳብኩ።

ቀለበቷን ሳልነካት መብራቱ ሰማያዊ ሆነ።

ከዚያ ቀይ።

አውራ ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ። አልጠፋም። ይስባል። በራሱ ይስባል...

አፌን ላነሳ እችል ነበር። የያዘኝ ነገር አልነበረም። አላነሳሁም። ስለጣመኝ አላነሳሁም።

ሲበቃኝ ወጣሁ።

አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ በርጩማ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው። ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። የቀኝ እጁ ጣቶች ጭኑ ላይ የሆነች ትንሽ ነገር ይጠርጋሉ። ይጠርጋሉ... ይጠርጋሉ...

«አባ» አልኩት።

ጣቶቹ ቆሙ።

ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለ፣ ሳንባም ነው አለ። አልተከራከርኩትም። በሕይወቴ ሳልከራከር ያለፍኩት ሰው እሱ ብቻ ነው።

መሣሪያውን ለበዓል የሚበላው የጨረቃ ኬክ በመጣበት ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከትቼ በገመድ አሰርኩት። ባትሪውን ከዚያ ወዲህ አልሞላሁትም። ካልሳቡት ይሞታል ብዬ ነበር።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ግን ይጀምራል።

ሽሽሽ... ይላል ሳጥኑ ውስጥ። ዝም ይላል። የአፉን ጫፍ በጥጥ ለመጥረግ የሚበቃ ያህል ዝም ይላል። ከዚያ እንደገና ሽሽሽ... ክፍሉን ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸተዋል።

አባቴ ሞቶም ከሥራ አላረፈም ብዬ እያለቀስኩ አደምጠው ነበር። እኔም አብሬው ምሳ ሰዓት ላይ አልተኛም ነበር። ለይቅርታ የሚሆን ነገር አጥቼ አጠገቡ መቀመጥ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ባለፈው ሳምንት ድምፁ ተቀየረ።

አጭር ሆነ። ፈጣን ሆነ። እንደ አዲስ ሠራተኛ፣ ወደ ኋላ እንዳይቀር እንደሚፈራ ሰው። በየመሃሉ ሳል ነገር አለ፤ ቀጭን ሳል፣ የአባቴ ያልሆነ።

ገመዱን ፈታሁ። ሳጥኑን ከፈትኩ።

ዝንጅብሉ የለም።

የአፉ ጫፍ ሞቃት ነው። እርጥብ ነው። ዙሪያውን ደግሞ... የከንፈር ቀለም አለበት። ፈዘዝ ያለ ሮዝ። እኔ ቤት ሴት ገብታ አታውቅም።

አለቃ ፓንግ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ፤ እስካሁን ዝም ያልኩህም በአንተ ሳይሆን በአባቴ አፍሬ እንደሆነ አሁን ሁሉም አውቋል። ስልክ አትደውልልኝ። ሽማግሌም አትላክብኝ። ሰው ሁሉ በሚያየው በዚሁ ገጽ ላይ፣ በስምህ መልስ፦ በአባቴ በርጩማ ላይ ያስቀመጥካት ልጅ ማን ናት?