ፀሐይ ያልነካው አፈር

ይሄ የሆነ ነገር ነው። እኔ ደሪቱ በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የነካሁት።

ተረት መስሏችሁ እንዳትስቁብኝ። በእኔ ዕድሜ በልጅ ልጁ ስም የሚዋሽ ሰው የለም።

ጨለማና ሌሊት የምትጠብቁ ከሆነም የለበትም። ሁሉም የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው... ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ቦሌ አራብሳ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ።

መጋቢት ነበር። ዋልካው እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል።

ሜዳውን አውቀዋለሁ። ከተማው ሳይደርስብን በፊት የአማቶቼ ማሳ ነበር። ይህን ነገር የነገርኳቸው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነው፤ «መቃብር ነበረበት እንዴ?»

አልነበረበትም። ሽምብራ ነው የምንዘራበት። ሰው አልተቀበረበትም፣ ደም አልፈሰሰበትም። ምንም።

እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ሄሊና የልጅ ልጄ ናት። እናቷ ስትሞትብኝ እኔው ነኝ ያሳደግኋት። ኢንጂነር ናት። ሕንጻ ከመሠራቱ በፊት መሬቱን ቆፍሮ አፈሩን የሚመረምር ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። መሬቱ ሕንጻውን ይችላል ወይስ አይችልም፣ መሠረቱ ምን ያህል ይውረድ፣ ያንን የምትናገረው እሷ ናት።

ስምንተኛ ወሯ ገብቶ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ።

«ፈቃድ ውሰጂ» ብል፣ ብል፣ ማን ይስማኝ።

«አኮ፣ ከቤታችን ጀርባ እኮ ነው! ከአልጋዬ ወርጄ ሳይት ላይ ነኝ» ትለኛለች። አኮ በእኛ በኦሮሞዎች አያት ማለት ነው።

የእኔ ልብ ግን መቼ ያርፋል? ደረጃ ብትስትስ? ብረት ቢወድቅባትስ? ስለዚህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳዋን በሳህን ይዤ እወርዳለሁ።

ማሽኑ ባለ ሦስት እግር ብረት ነው። ከባድ መዶሻ በገመድ ይነሳና ይለቀቃል... ድው። ይነሳል... ድው። በተመታ ቁጥር አንድ ቱቦ ወደ መሬት ይገባል። ከዚያ ቱቦውን ያወጡና እንደ ባቄላ እሸት ለሁለት ይከፍቱታል። ከታች የመጣው አፈር ውስጡ ተጋድሞ ይገኛል። ሄሊና ታየዋለች፣ በጣቷ ታሸዋለች፣ በላስቲክ ታሽገውና ከስንት ሜትር እንደወጣ ትጽፍበታለች።

ያን ቀን ሳህኑን ይዤ ስደርስ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

ቱቦው ተከፍቷል። ከአፈሩ ትንሽ ቆረሰች...

አፏ ውስጥ ከተተችው።

«ሄሊና!»

ዞረች። ከንፈሯ ጠቁሯል። «አምሮኝ ነው አኮ። አትቆጪ።»

አልደነገጥኩም። ነፍሰ ጡር አፈር ያምራታል፤ እኔም እናቷን ሳረግዝ የቤታችንን ግድግዳ እየፋቅሁ በልቻለሁ። ግን እናቶቻችን አንድ ነገር ያስጠነቅቁን ነበር። ፀሐይ የነካውን ብቻ ብሉ ይሉናል። ከሥር የወጣ አይበላም። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

«ከላይ ካለው ውሰጂ» አልኳት። «ከደረቀው።»

ፊቷን አጨማደደች። «የላዩ አይጣፍጥም።»

ቆፋሪው ሚስባህ የወሎ ልጅ ነው፣ ቀልደኛ። «ይተዋት እማማ! የኛን ምሳ እስካልነካች ድረስ ምን ቸገረን» ብሎ ሳቀ።

ያኔ ገና ይስቅ ነበር።

ማሽኑ እየጠለቀ ሄደ። ሄሊናም አብራው።

«ስድስት ሜትሩ ጨው ጨው ይላል» አለችኝ አንድ ቀን ቤት ውስጥ፣ ጣቷን እየላሰች። «ዘጠኙ ግን... አኮ፣ ዘጠኙ ወተት ወተት ይላል።»

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

«ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ይበልጣል።»

ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም።

ምግብ ተወች። ይዤላት የምወርደውን ሳህን ሳትከፍተው ለሚስባህ ትሰጠዋለች። እሱም መሳቁን ተወ። አንድ ቀን ወደ ጎን ጠርቶኝ በሹክሹክታ...

«እማማ፣ እዚህ አካባቢ ብዙ ቦታ ቆፍሬያለሁ። ዋልካው ያልቅና አለት ይመጣል። ሁሌም። እዚህ ግን በወረድን ቁጥር እየለሰለሰ ነው።»

«ታዲያ?»

«ይንኩት እስቲ።» ከቱቦው የወጣውን አፈር መዳፌ ላይ አኖረልኝ።

ለብ ያለ ነበር።

የፀሐይ ሙቀት አይደለም። ብብት ውስጥ የቆየ ነገር እንደሚሞቀው...

«ወላሂ፣ ትናንት መዶሻውን አላነሳሁትም» አለኝ። «ዘንጉ በራሱ ወረደ። ከታች የሚስበው እንዳለ።»

«ለባለቤቱ ንገረዋ!»

«ለአቶ ገንዘቤ? ነገርኩት። ‹አለት እስክታገኝ ቆፍር፣ ካልቻልክ የሚችል አመጣለሁ› አለኝ። ላብራቶሪውም ናሙና ጎደለ ብሎ ይጮህብኛል። የት ሄደ ልበላቸው? ኢንጂነሯ በላችው ልበል?»

የዚያን ቀን ሄሊናን በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። «ከነገ ጀምሮ አትወርጂም» አልኳት።

«አንቺ ምን አገባሽ?»

ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ አናግራኝ አታውቅም።

«ልጅሽ ያገባኛል!»

«ስለ አፈር የተማርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ጸሎትሽን ጸልዪ።» ገፍታኝ ገባች። ስታልፍ ትንፋሿ ሸተተኝ። ዝናብ የነካው አፈር አፈር ይሸታል... ዝናብ ግን ከጥምቀት ወዲህ አልጣለም።

እሑድ መጣ። ሥራ የለም። ባሏ በዳሳ ኤርፖርት ካርጎ ተረኛ ነው። ሄሊና ሶፋ ላይ ተኝታለች፣ እኔ ሆዷን በእጄ እዳስሳለሁ። ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ሆዷ ዘለለ።

ድው...

እንደገና ሆዷ ዘለለ።

ድው...

«ዛሬ እሑድ አይደለም እንዴ? ማነው የሚሠራው?» አልኩ ለራሴ።

ተነስቼ በመስኮት አየሁ።

ሜዳው ላይ ሰው የለም። መዶሻው ከገመዱ ተፈቶ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ከኋላዬ ሄሊና በእንቅልፏ አቃሰተች... ከዚያ፣ ድው።

መስኮቱን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። መዶሻው አይደለም ልጁን የሚያስደነግጠው። መጀመሪያ የሚመጣው ከሆዷ ነው። መሬቱ ነው የሚመልሰው።

በማግስቱ እሷ ሳትነቃ አልጋዋ ሥር የደበቀችውን አገኘሁና አወጣሁ። በላስቲክ የታሸገ አፈር፣ ብዙ ነው። በፌስታል ይዤው ወረድኩ።

«ምንድነው እማማ?» አለ ሚስባህ።

«አፈራችሁ ነው። ወደመጣበት ይመለስ።»

የጉድጓዱ አፍ ከጣሳ አይሰፋም። አማተብኩና የመጀመሪያውን ገለበጥኩ። ሲያርፍ ድምፅ የለውም። ሁለተኛውን ገለበጥኩ።

ስልኬ ጮኸ። በዳሳ ነው፣ ከሥራ መግባቱ ነበር።

«እማማ! የት ነዎት? ሄሊና እየታነቀች ነው! አፏ... አፏ አፈር ሞልቷል!»

«አውጣላት!»

«እያወጣሁ ነው! ባወጣሁ ቁጥር ይመጣል! ከውስጥ ነው የሚመጣው እማማ!»

ሦስተኛው ላስቲክ እጄ ላይ ነው። አፈሩ እየፈሰሰ ነው...

ሚስባህ እጄን ያዘ። «ያቁሙ።»

አቆምኩ።

በስልኩ ውስጥ ሄሊና ስትስል ሰማሁ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ።

«ተነፈሰች» አለ በዳሳ። እያለቀሰ ነበር።

እኔና ሚስባህ ተያየን። ጉድጓዱን አየነው። ሁለታችንም እግራችንን ወደ ኋላ ሰበሰብን፣ አንዲት ጓል እንኳ እንዳትወድቅበት።

«እማማ...» አለ በሹክሹክታ። «ሥራ ሲያልቅ ጉድጓድ ይደፈናል። ደንብ ነው። ገንዘቤ ‹አለቱን ተወው› ብሏል፣ ነገ ሰው ይዞ ይመጣል።»

«እንዳትደፍነው።»

«እኔ አልደፍነውም። እሱ ግን አይሰማኝም።»

በነጋታው የፕላስቲክ ወንበር ይዤ ወረድኩና ጉድጓዱ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን ዙሪያውን ዘረጋሁ። ሄሊናን ሐኪም ቤት ውሰዳት ብዬ ለበዳሳ ነግሬዋለሁ።

ገንዘቤ ወፍራም ሰው ነው፣ አካፋ የያዙ ሁለት ልጆች አስከትሏል።

«እማማ፣ ይነሱ።»

«አልነሳም።»

«ሕፃን ቢገባበት ተጠያቂው እኔ ነኝ!»

«በዚህች ቀዳዳ ምን ሕፃን ይገባል?»

«ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ?» አለኝ፣ እርስዎ ማለቱን ትቶ። «የድሮ ማሳዬ ነው ልትዪኝ ነው? ካሳችሁን በልታችሁ ጨርሳችሁ!»

«ጋሼ፣ አንድ ቀን ብቻ...» አለ ሚስባህ።

«አንተ ዝም በል! አለት ማግኘት ያቃተህ!»

ስልኬ ጮኸ። «እማማ፣ ምጥ ይዟታል» አለ በዳሳ። «አሁን ደረስን፣ እያስገቧት ነው።»

«ስልኩን እንዳትዘጋው። እንዳትዘጋው የኔ ልጅ!»

ከሥሬ ሞቅ ያለ አየር ሲወጣ ተሰማኝ። ወጣ... ገባ። ወጣ... ገባ። እንደሚያምጥ ሰው እየፈጠነ ሄደ። ማርያም ማርያም ማለት ጀመርኩ።

«ልጄ እስክትወልድ ጠብቁኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ገንዘቤ ሳቀ። «እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትወልደው?» ልጆቹም ሳቁ። «አንሷት!»

አንዱ ክንዴን ያዘኝ። ሌላው አካፋውን በወንበሩ እግር መሃል አስገብቶ አፈር ገፋ።

በስልኩ በዳሳ ጮኸ። «ትንፋሽ አጠራት! እማማ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?»

የያዘኝን ልጅ እጁን ነከስኩት። አዎ፣ ነከስኩት። ሚስባህ አካፋውን ነጥቆ ወረወረው። «ወላሂ፣ እሳቸውን የሚነካ እኔን ገድሎ ነው!» አለ። ገንዘቤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ከሥሬ ያለው አየር ድንገት ቆመ።

ስልኩም ዝም አለ።



ከዚያ ለቅሶ ሰማሁ። የሕፃን ለቅሶ።

«ወንድ ነው!» አለ በዳሳ። «ሁለቱም ደህና ናቸው!»

እዚያ ሜዳ መሃል ብቻዬን እልል አልኩ። ተነሳሁ፣ ወንበሬን አነሳሁ። «አሁን እንደፈለጋችሁ አድርጉት» አልኳቸው። እየተሳደቡ ደፈኑት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ እያንዳንዱ አካፋ ሲወርድ ሄሊናን አዳመጥኩ። ትተነፍሳለች። ውሃ ስጡኝ ትላለች።

ዳነች ብዬ ወንበሬን አኑሬ ተቀመጥኩበት።

«እማማ...» አለ በዳሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አዋላጇ አንድ ነገር ትጠይቃለች።»

«ምን?»

«እትብቱን ማነው የቆረጠው ትላለች።»

ሐኪም ቤት ስደርስ ልጁን ራሴ ገለጥኩት። እትብቱ ተቆርጧል፣ በክር ታስሯል። ሴቶች በእጃቸው የሚፈትሉት ዓይነት ክር ነው፣ ግን ጥቁር፣ እርጥብ።

«እኛ አይደለንም» አለችኝ አዋላጇ፣ በሩን ዞር ብላ እያየች። «እንደታሰረ ነው የወጣው። የእንግዴ ልጁም የለም። ፈለግን... የለም።»

ይሄው ሁለት ሳምንት ሆነን። ሄሊና ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ጡቷ ሞልቷል። ስለ አፈሩ ሳነሳባት የማታውቀውን ነገር እንደምነግራት ታየኛለች።

እትብቱ ግን አልረገፈም። ክሩም አልደረቀም።

ለምን አትቆርጪውም ትሉኛላችሁ። አንዴ መቀስ ይዤ ተጠጋሁ። ሄሊና ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፣ ሳትዞር «አትንኪው» አለችኝ።

ዛሬ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እሷ ሻወር ስትገባ ልጁን አልጋው መሃል አስተኝቼ ገለጥኩት።

የክሩ ጫፍ ወደ ታች አልወደቀም። ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሜዳው ቀጥ ብሎ ተወጥሯል፣ አየር ላይ።

ልጁን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ክሩ ቀስ ብሎ ዞረ... እንደገና ወደ መስኮቱ።

እጆቼን አነሳሁ። ወደ ኋላ ራቅሁ። ማንም አልነካውም።

ልጁ በአንሶላው ላይ የአንድ ጣት ያህል ተንሸራተተ።