ከቧንቧው ሥር የደረቀው በሶብላ

ሃይላይ በጀርባው ተዘርሮ የተገኘው እናቶች ከሚወልዱባት ተጎታች ቤት፣ ከካራቫኗ፣ ጎን ነው። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ ፊቱና ደረቱ በፈላ ውሃ ተልጧል። ሱዳን ውስጥ ከባሱንዳ ወዲህ ባለው የስደተኞች ሰፈር ሞት ብርቅ ባይሆንም ይህን ሞት ግን ማንም ሊውጠው አልቻለም። የሁሉንም ዕቃ ሳይሰለች የሚጠግን፣ ጠላት የሌለው ሰው ነበራ!

ጠላት አላጡለትም። ጓደኛው ሙኡዝ መፍቻ ይዞ ሬሳው አጠገብ ቆሞ ተገኘ፤ ጠዋት ሁለቱ ሲጯጯሁ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የሱዳን ፖሊሶች መጥተው መኪናቸው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሽማግሌው አባ ገብረእዝጊ ለምነው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጊዜ አገኙ። ከዚያ ወዲያ ሙኡዝ ወደ ገዳሪፍ እስር ቤት ይጫናል፤ ከተጫነ ደግሞ ማን መልሶ ያየዋል?

በለጡ የተጠራችው ያኔ ነው። መተማ ፖሊስ ጣቢያ መርማሪ ሳለች ሌባ ፊቷን ሲያይ ይናዘዝ ነበር ይባላል። የሟች ሚስት ወርቂ ካራቫኗን የምታጸዳ፣ የበለጡ የልብ ወዳጅ ናት። እንደ ሐዘን ደንብ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን አንገቷ ላይ አዙራዋለች። ጥለቱ አንድ ወገን ተቀዷል፤ በለጡ በለቅሶ የቀደደችው መሰላት።

«ማን እንደገደለብኝ ንገሪኝ» አለቻት እጇን ጭምቅ አድርጋ። «ማንም ይሁን፣ እንዳትደብቂኝ።»

«አልደብቅሽም» አለች በለጡ። ኋላ ምነው ምላሴ በተቆረጠ የምትልበት ቃል ይህ ነው።

የካራቫኗ ውሃ ማሞቂያ፣ ቦይለሩ፣ ከውጭ በኩል ነው። ከታች፣ በፊቱ በኩል፣ አንድ ዘንግ ይገባበታል፤ ዘንጉ ዝገቱን በራሱ ላይ እየወሰደ በርሜሉን ያተርፋል፣ ተበልቶ ሲያልቅ ይለወጣል። ከላይ ማስተንፈሻ አለው፤ ውሃው ሲሞቅና ግፊት ሲበዛ በቀጭን ቧንቧ ያንጠባጥባል።

በለጡ ጎንበስ ብላ አየች። የማስተንፈሻው እጀታ ተነስቷል። ዘንጉ ከነበረበት ቀዳዳ ፊት ለፊት መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ጎን ላይ፣ ከቧንቧው ሥር፣ ሃይላይ የተከለው በሶብላ ደርቋል። አሮጌው ዘንግ ርቆ ወድቋል፤ መፍቻ የሚይዘው የዘንጉ ራስ ስድስት ጎን ነው። የሟቹን ግንባር ደግማ አየች። የቁስሉም ቅርጽ ስድስት ጎን ነው።

«ለምን ተጣላችሁ?» አለችው ሙኡዝን።

«ወደ ሊቢያ ልሄድ ነው ብዬው ነው፣ እትዬ። ‹ኻላስ፣ በቃ፣ እንግዲህ ሬሳህንም አላይም› ብሎ ጮኸብኝ።» ወደ ሬሳው ዞረ። «የሱን ሬሳ እኔ አየሁት።»

«መፍቻውስ?»

«ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ ከጎኑ ወድቆ አገኘሁት። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም።»

ቀጥላ አዋላጇን ብፅአትን ጠየቀቻት። «ቦይለሩን ማን ለኮሰው?»

«እኔ። ንጋት ላይ አንዲት ሴት ምጥ ይዟት መጣች። ስትገላገል አጠፋሁት፤ ሃይላይ ሲመጣ ጠፍቶ ነው ያገኘው።»

«ውሃው ግን ገና ትኩስ ነበር። ቧንቧውስ ያንጠባጥብ ነበር?»

ብፅአት ቧንቧውን አየችው። «ሃይላይ አዲስ ዘንግ ፍለጋ ወደ ዶካ ከተማ ከሄደ ወዲህ ማንጠባጠቡ ቆሟል። ተሻለው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

በለጡ ጣቷን ወደ ቧንቧው አፍ ሰደደች። ከብፅአት በተዋሰችው ጉጠት ስባ ያወጣችው በጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ውታፍ ነው። ጨርቁን ፈትታ አየችውና ቶሎ ብላ ጨበጠችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ካራቫኗ ፊት ተሰበሰቡ። በለጡ ጨርቁን በጭብጧ ይዛለች።

«ሃይላይን ሰው አልመታውም» አለች። «የግንባሩ ቁስል ስድስት ጎን ነው፤ የዘንጉ ራስ ነው የመታው። ዘንጉን የወረወረው በቦይለሩ የታፈነው የፈላ ውሃ ነው።»

«ግፊቱን ሳያስተነፍስ ይፈታል?» አሉ አባ ገብረእዝጊ። «እሱ እኮ ጠንቃቃ ነው።»

«እጀታውን አንስቷል፣ አባ። ግን ምንም አልወጣም። እሳቱ ጠፍቷል፣ ውሃም አይወጣም፤ ስለዚህ ግፊት የለም ብሎ ፈታው። ያልወጣው ቧንቧው ስለተወተፈ ነው። በሶብላውን ያደረቀውም ይኸው ነው፤ የሚጠጣው ከዚያ ጠብታ ነበር። ሙኡዝ እጁ የለበትም፤ ልቀቁት።»

አባ ገብረእዝጊ ነገሩን ለፖሊሶቹ በዐረብኛ አስረዱ፤ ሙኡዝም ተለቀቀ። በለጡ እዚያ ላይ እንዲያበቃ በልቧ ለመነች።

«ማን ወተፈው?» አለች ወርቂ።

በለጡ ጭብጧን አጠበቀች።

«አልደብቅሽም ብለሽኛል።»

በለጡ ጭብጧን ፈታች። ወርቂ የጥለቱን ቁራጭ አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አንገቷ ላይ ያለውን ቅዳጅ ዳሰሰች።

«ከቦቴው ጀሪካን በጀርባዬ እያመላለስኩ» አለች፣ «ያ ሁሉ ውሃ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ አንጀቴን በላው። ሲመለስ ደስ ይለዋል ብዬ ነው፣ በለጡ። ደስ ይለዋል ብዬ።»

ጠብታውን ያየች የሰፈሩ ሴት ሁሉ እንዲሁ ታደርግ ነበር። በለጡ በሥራ ዘመኗ ብዙ ገዳይ አጋልጣለች፤ እንደዚህ ያለቀሰችበት ቀን ግን የለም።

ከቀብር መልስ ሙኡዝ ሃይላይ ያመጣውን አዲስ ዘንግ ገጠመ። የሊቢያን ጉዞ አላነሳም። ብፅአት ቦይለሩን ለኮሰች፤ ቆይቶ ቧንቧው ማንጠባጠብ ጀመረ። ወርቂ ውሃው እንዳይባክን እንደ ልማዷ እጇን ከሥሩ ዘረጋች። ጠብታው ያቃጥላል፤ እጇን ግን አልሰበሰበችም። በለጡ ሄዳ እጇን ከውሃው ሳበችና አጠገቧ ተቀመጠች።