የኮሮላው ሙቅ አየር

እንደ አቶ ክንዱ አባባል፣ የኮሮላው ኤሲ ጋራዥ እስከገባበት ቀን ድረስ ሹራብ የሚያስለብስ ብርድ ይሰጥ ነበር። እንደ ሙሐዲን አባባል ደግሞ ኤሲው የሞተው ከሞተሩ ቀድሞ ነው።

የአቶ ክንዱ ልጅ ማህሌት የፊት ወንበር ላይ ሆና ሁለቱንም ትሰማለች። መኪናው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ባለው የሙሐዲን ጋራዥ ውስጥ ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። የተቀየረው ሞተር ያለ እንከን ይሠራል። ከኤሲው መውጫ የሚነፍሰው ግን ሙቅ አየር ነው። ጣቶቿን ዘርግታ አስነካችው። ምንም አልመሰላትም። ከጥር ወዲህ ብዙ ነገር ምንም አይመስላትም።

አባቷና ሙሐዲን ሲጨቃጨቁ ሰንብተው ዛሬ ሽማግሌ ጠርተዋል። የሁለቱም ጎረቤት ጋሽ መርስዔ ኀዘን ከጋራዡ ደጃፍ ወንበር ተሰጥቷቸዋል።

«በል አንተ ጀምር» አሉት ሙሐዲንን።

«ጋሼ፣ አዲሱ ሞተር ሲመጣ ጋዙን የሚጨምቀው የኤሲ ኮምፕረሰር አልነበረውም። የአሮጌውን ፈትቼ፣ ማሰሪያ ብረት አስበይጄ እዚህ ላይ አሰርሁት። ጋዝ ሞላሁ። ቱቦዎቹ አያፈሱም። ኮምፕረሰሩ ግን ውስጡ ከደረቀ ቆይቷል። እኔ ሬሳ ነው የተረከብሁት።»

ቃሉ እንደወጣው ከንፈሩን ነከሰ። አቶ ክንዱ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር።

«ይቅርታ ጋሽ ክንዱ። አፌ ነው።»

«ግድ የለም» አሉ አቶ ክንዱ። «ጋሽ መርስዔ፣ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ልጄ ኤሲውን ሲከፍተው እናቱ ነጠላዋን ትከናነብ ነበር። ‹ጉና አናት ላይ አወጣኸን እኮ› ትለዋለች። ይኼ ነው የማይሠራው?»

«ልጄ» ያሉት ግሩምን ነው፤ የማህሌትን ታላቅ ወንድም። ጥር ላይ ታሞ ካረፈ ወዲህ ስሙ በቤታቸው አይነሳም።

ጋሽ መርስዔ ወደ አቶ ክንዱ ዞሩ። «ሲገባ ይሠራ ከነበረ ሙሐዲን በራሱ ወጪ ሌላ ኮምፕረሰር ይገጥማል። ካልነበረ አንተ ትገዛለህ። ከመበላሸቱ በፊት ኤሲው ሲከፈት ሌላ መኪናው ውስጥ የነበረ ሰው አለ?»

«ማሂ አለች። እሷ ትንገራችሁ» አሉ አባቷ፤ ቅንጣት አልተጠራጠሩም።

ማህሌት ወረደች። ሙሐዲን እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ፈታ በይ ማሂ፣ ያየሽውን ብቻ ነው» አላት። የለቅሶውን ድንኳን የተከለው እሱ ነበር።

ያየችው የዱርቤቴን መንገድ ነው። ግሩምን እዚያ አያቶቹ ዘንድ ቀብረው፣ ሠልስቱን አውጥተው ሲመለሱ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ዘመድ ልንዳላችሁ ቢል አባቷ እንቢ አሉ። መንገድ ላይ ኤሲውን ከፈቱ። አቧራ አቧራ የሚል ሙቅ አየር ፊታቸው ላይ ነፈሰ። ያጠፋው የለም። መስኮት የከፈተም የለም። አባቷ፣ እናቷና እሷ፣ ሦስቱም እያላባቸው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ባሕር ዳር ገቡ። ከዚያ ወዲህ ኤሲውን የነካ አልነበረም፤ ሞተሩም ጥቂት ቆይቶ ተበላሸ።

አባቷ እየዋሹ አይደለም። ያን ቀን መኪናውን እንዴት እንደነዱት እንኳ አያውቁም። የሚያስታውሱት የግሩምን ብርድ ነው።

«ይሠራ ነበር» ብትል ሁለት ቃል ነው። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ዝም ብለው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ እራት ይበላሉ፤ ማንም ስሙን አይጠራም።

ጋሽ መርስዔ «እህ፣ ልጄ?» አሏት።

ማህሌት እሳቸውን አላየችም። ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣» አለች፣ «ከግሩም ሠልስት ስንመለስ መኪናው ውስጥ የሆነውን ልናገር ነው።»